ልጅ ልታስመዘግቡ ነው? ስለ አንድ ትንሽ የሐዋሳ ትምህርት ቤት የማውቀውን ልንገራችሁ

ነሐሴ ሲገባ ሐዋሳ ውስጥ ወላጅ ለወላጅ የሚጠያየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጆቻችሁን የት ነው የምታስተምሩት?» ቡና ላይ ትጠየቃላችሁ፣ ባጃጅ ውስጥ ትጠየቃላችሁ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ሳይቀር አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ጠጋ ብሎ ይጠይቃል። እኔም ለእያንዳንዱ ሰው ከምደጋግመው አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጽፍም። ከተማዋ ጠባብ ናት፣ ከታች የምለው ሁሉ ምስጋና አይደለም፣ ትንሹ ልጄም ገና እዚያው ነው። ደግሞም እንዲህ ያለ ትንሽ የግል ትምህርት ቤት በየሰፈሩ ስላለ፣ የምለው አብዛኛው ነገር እናንተ ደጃፍ ላለውም ይሠራል።

ቤቱ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ኮብልስቶኑ ያለቀበት ላይ ነው። ድሮ መኖሪያ ቤት ነበር፤ አሁንም ያንኑ ነው የሚመስለው። ሳሎኑ ኬጂ ሦስት ሆኗል። መኝታ ቤቶቹ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ናቸው። ሰርቪሱ የዳይሬክተሯ ቢሮ ነው። ጓሮ በኩል በቆርቆሮ የተሠሩ ሁለት ክፍሎች ተጨምረው ሦስተኛና አራተኛ እዚያ ይማራሉ። ከአራተኛ በላይ የለም። በየክፍሉ አንድ ሴክሽን ብቻ ነው ያለው፣ ልጆቹም ከ25 እስከ 30 ቢሆኑ ነው። ወርሃዊ ክፍያው ስማቸው ከሚጠራው ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ግማሽ አይሞላም። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ነው፤ ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ትልካላችሁ፣ ከዚያ ዳይሬክተሯ «ደርሶኛል፣ ተባረኩ» ብላ በድምፅ ትመልሳለች።

ነገሩን ላሳጥርላችሁ። እዚህ ቤት የምትከፍሉት ለግቢው አይደለም፣ ለዩኒፎርሙም አይደለም። ለአንዲት የአንደኛ ክፍል መምህርት ነው። ሌላው ሁሉ እሷ ስላለች የሚታለፍ ነው።

ትልቋ ልጄ ኬጂን የጨረሰችው ሌላ ቦታ፣ ግቢው ሰፊና አጥሩ በካርቱን ሥዕል ያሸበረቀ ትምህርት ቤት ነው። ስትመረቅ ጋዋን ለብሳለች፣ ኬክ ተቆርሷል፣ እሷም መድረክ ላይ ወጥታ የአማርኛ መጽሐፏን ሁለት ገጽ ሳትደናቀፍ «አንብባለች»። አያቷ እልል ብላላታለች። እዚህ ልናስመዘግባት ስንመጣ መምህርቷ ያንኑ መጽሐፍ ተቀበለችን። ከጠረጴዛዋ መሳቢያ ከሳሙና ካርቶን የተቆረጠች፣ መሀሏ ላይ አንድ ቃል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ያላት ነገር አወጣች። መስመሩ ላይ አስቀመጠችና ከኋላ ወደ ፊት ማንቀሳቀስ ጀመረች። ልጅቷ ዝም። ቅድም መስመሩን በአንድ ትንፋሽ ስትወጣው የጠራችውን «ቤት» የሚለውን ቃል፣ ብቻውን ቀዳዳዋ ውስጥ ሲመጣባት አላወቀችውም። ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

ሚስ አልተቆጣችም፣ እኛንም አልገሠጸችንም። «በቃልሽ ጎበዝ ነሽ፤ አሁን ደግሞ በዓይንሽ እናድርገው» ነው ያለቻት። ባለቤቴ እዚያው መዝገቡ ላይ ፈረመ።

አሠራሯ ቀላል ነው፣ ግን ትዕግሥት ይጨርሳል። ከእረፍት መልስ ሌሎቹ ደብተራቸው ላይ ሲጽፉ አንድ አንዱን ጠረጴዛዋ ጋ ትጠራለች። ሁለት ሦስት መስመር ያነባል። የተሰናከለበትን ፊደል ጥግ ጥጉ በተበላ አሮጌ ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ ነገ የምትጀምረው ከዚያ ፊደል ነው። ፊደል ገበታው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው፣ በጠቅላላው 231። ነገር ግን ሀ ሁ ሂ ሃ እያሉ በዜማ መውረድና ከመሀል ላይ «ቼ» ስትጠቆም ማወቅ ለየቅል ነው። እሷ እንደምትለው ልጆች የሚንገዳገዱት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ሳድሱ፣ ስድስተኛው ድምፅ ማለት ነው፤ ካዕብን (ሁለተኛውን) ብትወስዱ ከሞላ ጎደል ሁሌም በቀኝ በኩል ቅጥያ አላት፣ ሳድስ ግን ከፊደል ፊደል መልኳ ስለሚለያይ በደንብ ካልተያዘች ታስታለች። ሁለተኛው እነ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ ናቸው፤ አናታቸው ላይ ባለች አንዲት ሰረዝ ነው የሚለዩት፣ ልጅ ደግሞ ሰረዝ አይቶ አያውቅም። እነዚህን ጥንድ ጥንድ አድርጋ ለብቻ ታስተምራቸዋለች። ትልቋ ልጄ በሰኔ የሱቅ ታፔላ ሁሉ እያነበበች መንገድ አላስኬድ አለችን። ከመናኸሪያ እስከ ፒያሳ ያለ ፋርማሲ፣ የጎማ ጥገና፣ ሥጋ ቤት፣ ምንም አልቀራትም።

25 ልጅ ስለሆኑ ነው ይህ የሚቻለው። 60 ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ መልአክም ቢመጣ እያንዳንዱን በየቀኑ ማስነበብ አይችልም። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራንን የምንወቅስ ሰዎች ይህችን ሒሳብ አንዳንዴ ብንሠራት ጥሩ ነበር።

ምን ያካብደዋል የምትሉኝ ካላችሁ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ የነበረውን ጫጫታ አስታውሱ። በ2014 ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ሁሉም ሰው ስለ ኩረጃ፣ ስለ ፈተና አሰጣጡ፣ ስለ ሚኒስትሩ አወራ። የዓለም ባንክ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ 10 ዓመት አካባቢ ካሉ ልጆች ከአሥሩ ዘጠኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ይላል። ማንበብ የማይችል ልጅ የዘጠነኛ ክፍልን ባዮሎጂ በምን ያጥና? እኔ ነገሩ የሚበላሸው አንደኛ ክፍል ላይ ነው ባይ ነኝ፣ ለዚያ ነው ገንዘቤን እዚያ ያፈሰስኩት።

ሐዋሳ ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም አለ። ልጆቹ የሚማሩት ሦስት ዓይነት ንባብ ነው። አማርኛ በፊደል፣ እንግሊዝኛ በላቲን፣ ሲዳምኛም በላቲን። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ፊደል ሁለት ቦታ ሁለት ድምፅ አለው። ኤክስ በሲዳምኛ ጥ ናት። ኪው ቅ ናት። ሲ ደግሞ ጭ። ስለዚህ ጨምበላላ፣ የሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓል፣ በሲዳምኛ ሲጻፍ በሲ ይጀምራል። ትንሹ ልጄ የፊቼ ጨምበላላ ሰሞን መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈለትን እቤት መጥቶ «ካምበላላ» ብሎ አነበበልን፤ የአከራያችን ልጆች ሲዳማ ናቸው፣ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁበት። ከዚያ ግን እነሱው አስተካከሉት። በበዓሉ ቀን ከእነሱ ጋር በየቤቱ እየዞረ «አይዴ ጨምበላላ» ሲል ዋለ፣ ቡርሳሜውንም ቅቤውንም በልቶ መጣ።

የሲዳምኛ መምህሩ ወጣት ነው። ይህን መደናገር አውቆ ደብተራቸውን በሁለት ቀለም ያስጽፋቸዋል፤ የእንግሊዝኛው በሰማያዊ፣ የሲዳምኛው በቀይ እስክሪብቶ። ቀይ ካዩ ሲ ጭ ናት። በጣም ተራ ነገር ነው፣ ሠርቷል። ሲዳማ ያልሆኑ አንዳንድ ወላጆች «ይሄ ለልጄ ምን ይሠራላታል» ሲሉ እሰማለሁ። ሐዋሳ እየኖሩ፣ ከሐዋሳ ገበያ እየበሉ፣ በዓሉን ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. መዝግቦት ዓለም አውቆት፣ እንዲህ ማለት ለእኔ አይገባኝም። ክፍለ ጊዜው በሳምንት አንድ ቢጨመር ደስ ባለኝ።

እንግሊዝኛው መካከለኛ ነው። እውነቱን ለመናገር ከመካከለኛም ዝቅ ይላል። ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች «ከአማርኛ በቀር ሁሉም በእንግሊዝኛ» ብለው ነው የሚሸጡት፣ ወላጅም የሚገዛው እሱን ነው። እዚህ መምህራኑ በእንግሊዝኛ ጀምረው በአማርኛ ያስረዳሉ፤ ልጆቹ ሒሳቡን ይረዱታል፣ እንግሊዝኛቸው ግን አይፈታም። ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ የሚጻፍልን መልእክትም አንዳንዴ እንግሊዝኛው ያስቃል። በአማርኛ ቢጽፉት ማን ከለከላቸው? ለዳይሬክተሯ ይህን ስነግራት «ወላጅ በአማርኛ ከጻፍን ትምህርት ቤቱ ደረጃው ዝቅ ያለ ይመስለዋል» አለችኝ። መልስ አጣሁላት። እውነቷን ነው፣ እኛው ነን።

ደረጃ የሚባለው ነገርም እንዲሁ ነው። አንድ ሴሚስተር ላይ ከሦስተኛ ክፍል በታች ላሉት ካርዳቸው ላይ «ከክፍሉ ስንተኛ» የሚለውን ሳይጽፉ ለቀቁት፣ ውጤትና የመምህሯ አስተያየት ብቻ። አስተያየቱ ግሩም ነበር፤ «ስትቀንስ ከጎረቤት አሃዝ መበደር ትረሳለች» የሚል፣ ልጁን የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚጽፈው። የወላጅ ስብሰባ ላይ ግን ሰው ተነሣ። «ልጄ ስንተኛ ወጣ? ከፍለን የለም እንዴ?» ተባለ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ደረጃው ተመለሰ፣ አስተያየቱም ወደ «ጎበዝ» እና «ይበርታ» አጠረ።

ጠዋት ጠዋት ደስ ይለኛል። 2 ሰዓት ከመሆኑ በፊት መንገዷ በባጃጅ ትዘጋለች። ጥበቃው ጋሼ በሩን በግማሽ ከፍተው ልጆቹን አንድ በአንድ ያስገባሉ፣ ምሳ ዕቃ የረሳውን ከሩቅ ያውቁታል። ዳይሬክተሯ ሰልፍ እስኪጀመር ደጅ ላይ ነው የምትቆመው። ሁሉንም በስም ትጠራለች። «ትናንት ታስል ነበር፣ ሌሊት እንዴት አደረች?» ትላለች፣ ትልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ይህን የሚጠይቅ ሰው ለማግኘት ቀጠሮ ያስፈልጋል። ከዚያ ሰንደቅ ዓላማ፣ መዝሙር፣ ጥፍር ማየት፣ ወደ ክፍል። አርብ አርብ ለግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ ራሳቸው ግቢውን ይጠርጋሉ። አንዳንድ ወላጅ በዚህም ቅሬታ አለው፤ እኔ የለኝም። ልጄ እቤት ውስጥ ሳትታዘዝ መጥረጊያ ያነሣችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሐይቁ ዳር የወሰዷቸውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። የሦስተኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ ላይ ስለ ውሃ ይማራሉ። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል የማናውቀው ወንዝ ነው። መምህሩ ፈቃድ አስፈርሞን በእግራቸው አሰልፎ አሞራ ገደል ወሰዳቸው፣ እኔም ከሚያግዙት ወላጆች አንዱ ነበርኩ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባ ሲያወርዱ ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉትን ዓሣዎች በእጃቸው አስያዟቸው፤ ቆሮሶው ቅርፊት አለው፣ አምባዛው ጢም እንጂ ቅርፊት የለውም። ይህን በጣታቸው ዳስሰው ነው ያወቁት። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ ከልጆቹ በቁመት ይበልጣሉ፣ አንዷ ልጅ ፈርታ እጄን አልለቅ አለች።

ከዚያ መምህሩ ጠየቃቸው። «ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደዚህ ሐይቅ ይገባል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ታዲያ ለምን አይሞላም?» ዝምታ። አንዱ «ጉማሬዎቹ ይጠጡታል» አለ። ሌላው «ሆቴሎቹ ይወስዱታል» አለ፣ እኛ ወላጆቹ ተያየን። መምህሩ አልሳቀም፤ በጠርሙስ ክዳን ውሃ ቀድቶ ሲሚንቶ ላይ አፈሰሰና «እዚሁ ቆማችሁ ጠብቁት» አላቸው። የሐዋሳን ፀሐይ ታውቋታላችሁ። እርጥቡ ቦታ ከዳር እየጠበበ መጣ። «ወደ ላይ ሄደ!» ብላ የጮኸችው እጄን ይዛ የነበረችው ልጅ ናት። ትነት የምትለዋ ቃል ከዚያ በኋላ ነው የመጣችው። በዚያ ቀን ትምህርት ቤቱ የዓመት ክፍያውን ከእኔ አግኝቷል።

አሁን ወደ ወቀሳው። ብዙ ነው።

ትልቁ ችግር መምህራኑ አይቆዩም። ከሁለት ዓመት በፊት የትልቋ ልጄ የሁለተኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት ታኅሣሥ ላይ ለቀቀች። የተሻለ ደመወዝ አገኘች ተባለ፣ አልፈርድባትም፤ የትንሽ የግል ትምህርት ቤት መምህር ደመወዝ ምን እንደሆነ፣ የሐዋሳ የቤት ኪራይም የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። የሚያናድደው ማንም አለመንገሩ ነው። ልጆቹ «ሚስ የለችም» እያሉ ይመጣሉ፣ እኛ የታመመች መስሎን ምሕረቱን ይላክላት እንላለን፣ ለካ ሴትዮዋ ሥራ ቀይራለች። ከዚያ የስፖርት መምህሩ ሒሳብ «ሸፈነ»። ሸፈነ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የልጄ ደብተር ይናገራል፤ በተከታታይ ገጾች ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ብቻ፣ ያለ አንድ እርማት። አዲስ መምህር የመጣው የካቲት ላይ ነው። ያንን ክፍተት እስክንሞላ ክረምቱን በሙሉ ማስጠናት ግድ ሆነብን። ትልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ መምህር ሲለቅ የሌላው ሴክሽን መምህር ይተካል፤ እዚህ ግን አንድ ሰው ሲሄድ አንድ ትምህርት አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ነው የአንደኛ ክፍሏ ሚስ ሥራ ልትለቅ ነው የሚል ወሬ በሰማሁ ቁጥር የምደነግጠው።

የቆርቆሮዎቹ ክፍሎች ሌላ ጣጣ ናቸው። በጋ ላይ ከቀትር በኋላ ይጋገራሉ። ሚያዝያ ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ ጣሪያው ነጋሪት ይሆናል፤ መምህሩ ጮሆ ጮሆ ሲደክመው «ዝም ብላችሁ ጻፉ» ይላል። ኮርኒስ እንዲገባ በስብሰባ ጠይቀናል። መልሱ «ቤቱ የኪራይ ነው፣ ባለቤቱ አልፈቀደም» ነው። ይህ መልስ ለሁሉም ነገር ያገለግላል። ሽንት ቤት ሲጠየቅ የኪራይ ነው፣ መጫወቻ ሲጠየቅ የኪራይ ነው። ክፍያ ሲጨመር ግን ቤቱ የማን እንደሆነ አይነሣም። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ሁሉ ነገር እንደጨመረ አውቃለሁ፣ ኪራዩም ጨምሯል፣ የመምህራኑ ደመወዝም መጨመር አለበት። ጭማሪው የሚነገረን ግን ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ካርድ ከሰጡን በኋላ፣ ሌላ ቦታ ለመፈለግ ጊዜ በሌለበት ሰዓት በአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ይህ አይባልም።

መጫወቻ ሜዳ የሚባል የለም። ግቢው ውስጥ አንድ የማንጎ ዛፍ አለ፣ ሥሩ አፈር፣ ኳስ ክልክል ነው ምክንያቱም መስኮት ይሰበራል። እረፍት በተራ ነው የሚወጡት፣ ኬጂዎቹ መጀመሪያ። ትንሹ ልጄ እቤት ሲገባ የሚያብድበትን ምክንያት ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም። ቤተ መጻሕፍት አለ ብለው በራሪ ወረቀታቸው ላይ ጽፈዋል፤ አለ የተባለው ዳይሬክተሯ ቢሮ ውስጥ ያለ፣ የተቆለፈበት ቁም ሣጥን ነው። በአንድ በኩል ማንበብ እንዲህ አድርገው አስተምረው በሌላ በኩል የሚነበብ አለመስጠት ግርም ይለኛል። ወላጆች እያዋጣን የተረት መጽሐፍ ገዝተን ሰጥተናል፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ተቆለፈበት።

ዩኒፎርም ከእነሱ ካልሆነ አይገዛም፣ ዋጋውም ከገበያው ይበልጣል፣ ጨርቁ ደግሞ ከመስከረም እስከ ጥር ቢቆይ ነው። ደብተርና ወርክሺት ለየብቻ ይከፈላል። ሰርቪስ የለም። ሩቅ የሚኖሩት ወላጆች ባጃጅ ኮንትራት ይይዛሉ፣ ያንን ደግሞ ስታዩት ልብ ያስደነግጣል። ለሦስት ሰው በተሠራች ባጃጅ ውስጥ ስንት ልጅ እንደሚወጣ ቆጥሬ አልጨርስም፣ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው እግሩ ውጭ ነው። ትምህርት ቤቱ «እኛን አይመለከትም» ይላል። በሩ ላይ እስከወረዱ ድረስ ይመለከተዋል።

እንግዲህ ለማን ይሆናል? ልጃችሁ ከኬጂ እስከ ሁለተኛ ክፍል ከሆነ፣ ቤታችሁ በእግር የሚያስኬድ ከሆነና እናንተም ማታ ማታ ደብተር የምታዩ ከሆነ ውሰዱት። ሁለታችሁም እስከ ምሽት ሥራ ላይ ከሆናችሁ ግን አስቡበት፤ በተለይ ሥራችሁ በፈረቃ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ። ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ልጁን የሚይዝ ሰው እዚያ የለም፣ ማታ ደግሞ ክፍተቱን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ።

ሌላ ትንሽ ትምህርት ቤት የምታዩም ከሆነ በሩንና ቀለሙን ትታችሁ የአንደኛ ክፍል መምህሯ ማን እንደሆነች፣ ስንት ዓመት እዚያ እንደቆየች ጠይቁ። ከቻላችሁ አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ ያላየውን ገጽ ከኪሳችሁ አውጥታችሁ እንዲያነብላችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ የጋዜጣ ቁራጭም ይሆናል። የሚፈሩ ከሆነ ምክንያት አላቸው። ባለፈው ዓመት ስንት መምህር እንደለቀቀ የሚነግራችሁ ዳይሬክተር አታገኙም፣ ጥበቃውን ጠይቁ። ፈቃዱ የታደሰ መሆኑንም ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አጣሩ፤ ልጁ ሲዛወር መሸኛው ተቀባይነት የሚኖረው ያኔ ነው። እንደዚህኛው አራተኛ ላይ የሚያበቃ ከሆነም ከወዲሁ አስቡበት፣ ስድስተኛ ላይ ክልላዊ ፈተና አለ። ልጁ አዲሱን ቦታ ለምዶ ለዚያ የሚዘጋጅበት ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ ነው።

እኛ ትንሹን እዚያው አስመዝግበነዋል፤ ዘንድሮ አንደኛ ነው፣ ሚስም እስካሁን አለች። ትልቋ አራተኛን ጨርሳለች፣ ለአምስተኛ ቦታ እየፈለግን ነው። ከታቦር ተራራ ወዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከ40 በላይ ካልሆኑ፣ መጽሐፉ ያልተቆለፈበት ቤተ መጻሕፍትና ኳስ የሚያስመታ ሜዳ ካለ ትንሽ ጨምረን እንከፍላለን። የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ምዝገባ ሊዘጋ ነው።